ለአክስቴ ያልነገርኳት ግማሽ

“አንተ እኮ ነህ ያልከው።”

አክስቴ ይህን ያለችኝ በስልክ ነው፤ ጥቅምት 2017 ላይ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቁጣ ያልፋል። እሷ ግን የሙዝ ዋጋ እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው የተናገረችው። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ሻይ እያማሰልኩ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ይቺ ቃል ድንገት ትመጣብኛለች። ምን ነበር ያልኩት? በትክክል ምን ብዬ ነበር?

አክስቴ የምትኖረው አርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ከሙዝ እርሻዎቹ ጠርዝ ላይ ነው። ግቢዋ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የሃሌኮ ዛፎች አሉ። አዲስ አበባ ሽፈራው የምንለው፣ ታሽጎ ሱፐርማርኬት ሲገባ ደግሞ ሞሪንጋ የሚሆነው ያው ዛፍ ነው። ልጅ ሆኜ ለክረምት እሷ ጋ ስሄድ ቅጠሉን የምቀነጥሰው እኔ ነበርኩ። እንደ ጎመን ይቀቀላል። የበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሱ ጋር ሲበስል ደግሞ ኩርኩፋ ነው። ለእኔ ሃሌኮ ምሳ ነበር፤ መድኃኒት መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ወባም እዚያው ነበረች። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ማቆር ሲጀምር ትመጣለች። አንድ ዓመት እኔንም ይዛኛለች። ሦስት ብርድ ልብስ ደራርበውልኝ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አስታውሳለሁ። የዚያን ቀንም ምሳችን ሃሌኮ ነበር።

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። እኔ ለብዙ ዓመት አልያዝኳትም።

ሁለተኛው አንባቢ

ሙያዬ ላብራቶሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ደም አያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ ለማስተርሱ ጥናት የሽፈራው ቅጠል በወባ ላይ ይሠራ እንደሆነ ሊፈትን ተነሳ። ስላይዶቹን የሚቆጥርለት ሁለተኛ ሰው ፈለገ። እሱ ራሱ ይቆጥራል፤ እኔም ለብቻዬ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ቁጥሮቻችን ይነጻጸራሉ። ክፍያው በየቀኑ አንድ ማኪያቶ ነበር። ተስማማሁ።

እንዲህ ዓይነት ጥናት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት ይሠራል። ነጭ ሽንኩርት፣ ግራዋ፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፤ እናቶቻችን ጓዳ ያለው ሁሉ ተራ በተራ አይጥ ላይ ይሞከራል። አካሄዱ የታወቀ ነው፤ ዋላስ ፒተርስ በተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ስም የሚጠራው የአራት ቀን ፈተና። ነጫጭ አይጦች በቡድን ይከፈላሉ። ሁሉም የወባ ተህዋሲያን ያለበት ደም ይወጋሉ። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ አንዱ ቡድን የቅጠሉን ጭማቂ በትንሹ፣ ሌላው በመካከለኛ፣ ሌላው በብዙ መጠን በአፉ ይሰጠዋል። አንዱ ቡድን ክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ያገኛል። አንዱ ደግሞ ውሃ ብቻ። አራት ቀን በተከታታይ እንዲህ ይሰጣሉ። ከዚያ ከጅራታቸው ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰድና ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ጊምዛ ቀለም ነክቶት ወደ እኔ ይመጣል።

እኔ የትኛው ስላይድ የየትኛው ቡድን እንደሆነ አላውቅም። ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈበት። ይህ የሚደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ዓይን የሚፈልገውን ነገር ማየት ይወዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ላብራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆጣሪው ራሱ ነው። እናም ዘይት ጠብ አድርጌ፣ በ100 እጥፉ ሌንስ ቀይ ሴሎቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ስንቱ ውስጥ ያቺ ሐምራዊ ነጥብ አለች? ከስንቱ? ቁጥሩን እጽፋለሁ። ቀጣዩን አነሳለሁ።

የስላይዶቹ ሚስጥር የተፈታ ቀን ሁለታችንም ልባችን ይመታ ነበር። ክሎሮኪን የተሰጣቸው አይጦች ደማቸው ንጹህ ነው። ውሃ የተሰጣቸው ደማቸው ተወሯል። ብዙውን የሽፈራው መጠን የወሰዱት ደግሞ መሃል ላይ ናቸው፤ ውሃ ብቻ ካገኙት ጋር ሲተያዩ ተህዋሲያኑ በግማሽ ገደማ ቀንሶላቸዋል። ጓደኛዬ ተነስቶ አቀፈኝ። እኔም ደስ አለኝ። የልጅነት ምሳዬ እኮ ነው!

ማታውኑ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

“እትዬ፣ ያንቺ ሃሌኮ ወባን ይቀንሳል። በዓይኔ ነው ያየሁት።”

“ይኸው!” አለች። “እኛ እኮ ድሮም እናውቀዋለን።” ሳቀች። ሳቅኩ። ስለ ሌላ ሌላው አወራንና ዘጋሁ።

ሁለት ደቂቃም አልሞላ ይሆናል። በሕይወቴ ያደረግኩት ትልቁ የሕክምና ስህተት ይሄ ነው፤ ያውም ጋዎን ሳልለብስ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ።

አይጦቹስ?

ፈተናው እኔ ቆጥሬ ስጨርስ አያልቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክፍል ለቆጣሪ ሥራ የለውም። ጥበቃ ብቻ ነው። ጓደኛዬ በየማለዳው ወደ አይጦቹ ሳጥን ይሄድና የሞተ ካለ ይመዘግባል። አንዲት አምድ አለች፤ “የሞተበት ቀን” የምትል። ውሃ የተሰጣቸው ሳምንት አካባቢ ሲሆናቸው ማለቅ ጀመሩ። ሽፈራው የተሰጣቸው ትንሽ ቆዩ፤ ጥቂት ቀን። ከዚያ እነሱም አለቁ። ክሎሮኪን ያገኙት እስከ መጨረሻው ሳጥናቸው ውስጥ ሲርመሰመሱ ነበር።

ጓደኛዬ ይህን ነግሮኛል። ሠንጠረዡንም አይቼዋለሁ። በጥናት ቋንቋ ውጤቱ መጥፎ አይደለም፤ “የመኖሪያ ጊዜን አራዝሟል” ተብሎ ይጻፋል። እውነትም አራዝሟል።

ለአክስቴ ግን አልደወልኩም። የደበቅኳት እንዳይመስላችሁ። ወሬ ነው ብዬም አላሰብኩትም። “ሃሌኮሽ ወባን ይቀንሳል” ስልክ ያስደውላል። “አይጦቹ ግን ሞቱ” ማንን ያስደውላል? መልካሙ ግማሽ በራሱ እግር ሄደ። ሌላው ግማሽ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ውስጥ ቀረ።

ከዚያ 2017 መጣ። ያ ዓመት እንዴት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። የአክስቴ ጎረቤት የስድስት ዓመት ልጅ ከታማሚዎቹ አንዱ ነበር። ትኩሳት ያዘው። እናቱ አክስቴን አማከረቻት። አክስቴም የወንድሟ ልጅ አዲስ አበባ በማይክሮስኮፕ ያየውን ነገረቻት። ሃሌኮው ተወቀጠ፣ ተጨመቀ፣ ነጭ ሽንኩርት ገባበት። ሁለት ቀን። ልጁ ትንሽ የተሻለው መሰለ፤ ወባ እንደሆነች ትኩሳቷ ወጣ ገባ ይላል። ሦስተኛው ቀን ማታ ሰውነቱ ዝልፍልፍ አለ፣ ሲጠሩት መመለስ ተወ። በሞተር ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል። ደም ተሰጠው። አርቴሱኔት የተባለውን የወባ መርፌ ተወጋ። ዳነ።

አዎ፣ ዳነ። እዚህ ላይ እኔም ተንፍሻለሁ።

አክስቴ ይህን ሁሉ ከተረከችልኝ በኋላ ነው እኔ፣ የላብራቶሪ ሰውየው፣ በስልክ የተቆጣሁት። “እንዴት ሦስት ቀን ይጠበቃል? ጤና ኬላ አጠገባችሁ አይደል? ማነው እንዲህ ዓይነት ምክር የሰጣት?”

“አንተ እኮ ነህ ያልከው።”

ዝም አልኩ። ቀጠለች። “እኔማ ያኔም ገርሞኝ ነበር። ዕድሜ ልካችንን እንበላዋለን፤ ዕድሜ ልካችንን ወባ ይይዘናል። ግን አንተ በማሽን አይተህ ከነገርከኝ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ነው።”

ብዙ ጊዜ የማስበው ስለዚህ ሁለተኛው ንግግሯ ነው። ሴትዮዋ ስድሳ ዓመት የሞላው ጥናት በእጇ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሃሌኮ ይበላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይታመማል። ከጓደኛዬ አይጦች የበለጠ ማስረጃ ነው፤ ያውም በሰው ላይ፣ ያውም በትክክለኛዋ የወባ ዓይነት። እሱን አስጥዬ በግማሽ ወሬ ለወጥኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እናትየው ምንም አልደበቀችም። የመድኃኒቱን ገመና የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

“ቀነሰ” ስንት ነው?

ከዚያ ስልክ በኋላ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። ያኔ መሥራት የነበረብኝን።

ለሞት የምትዳርገዋ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ የወረረችው ቀይ ሴል በ48 ሰዓት ውስጥ ይፈነዳል። ከአንዱ ሴል ከ16 እስከ 32 አዳዲስ ተህዋሲያን ይወጣሉ። ሁሉም አይሳካላቸውም። በየሁለት ቀኑ አሥር እጥፍ ይባዛሉ እንበል። እንግዲህ ልጁ ደም ውስጥ 100 ነበሩ እንበል። በሁለት ቀን 1,000 ይሆኑ ነበር። ግማሹን የሚገድል ነገር ሰጠኸው፤ 500 ሆኑ። ቀነሰ? ቀነሰ። እውነቴን ነው፣ ቀንሷል። ግን ከትናንት ወዲያ 100 ነበሩ።

ለአይጦቹ የሰጠነው ነገርና ለልጁ የተጨመቀው ነገርም አንድ አይደለም። ጓደኛዬ ቅጠሉን አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ለሦስት ቀን 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ነክሮ፣ ሜታኖሉን አትንኖ የቀረውን ነው የሰጠው። እናትየው ያላት ሙቀጫና ውሃ ነው። መጠኑስ? በእንዲህ ዓይነት ጥናት ለአንድ ኪሎ የአይጥ ክብደት 400 ሚሊግራም ተራ ነገር ነው። 60 ኪሎ ለሆነች ለአክስቴ በቀጥታ ካባዛችሁት በቀን 24 ግራም ይመጣል፤ የቅጠሉ ሳይሆን የተጣራው ነገር። የመድኃኒት ሰዎች ደግሞ አይጥ ቶሎ ስለምታቃጥል በ12 ገደማ አካፍሉ ይላሉ፤ ያኔ 2 ግራም ይሆናል። 24 ወይስ 2? ይህን የሚመልሰው ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ነው። ሙቀጫ አይመልሰውም።

ተህዋሲዋም ሌላ ናት። አይጦቹ የተወጉት በርጌይ የምትባለዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮንጎ፣ ካታንጋ ውስጥ በዱር አይጦች ላይ የተገኘች ናት። ሰውን አትይዝም። ደግሞስ የአራት ቀኑ ፈተና መድኃኒቱን የሚጀምረው ገና ተህዋሲው በገባ በሰዓታት ውስጥ ነው፤ አይጧ እንደታመመች ሳታውቅ። እኛ ዘንድ ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ብርድ ብርድ ሲለው ነው። ያኔ ሰፈሩ ተወሯል። ሌላ አካሄድ አለ፣ ተህዋሲው እስኪሰራጭ ሦስት ቀን ተጠብቆ ሕክምናው የሚጀመርበት። ጓደኛዬ እሱን ለመሥራት ጊዜም ብርም አልነበረውም። ማስተርስ የሠራ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ስል ቅጠል ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስልባችሁ። ኪኒን የተባለው የድሮ የወባ መድኃኒት የዛፍ ቅርፊት ነበረ። ልጁን ያዳነው መርፌ ራሱ ቅጠል ነበረ። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ያገኘችው መመሪያ እፍኝ የአርቴሚሲያ ቅጠል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ የሚል ነበር። የአክስቴ አሠራር ማለት ነው! ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መመሪያው ማፍላትን አይጠቅስም፤ ሙቀት ያበላሸው ይሆን ብላ ጠረጠረች። በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር አወጣችው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1971 ላይ 191ኛው ናሙና አይጦቹን ሙሉ በሙሉ ከተህዋሲው አጸዳ። 191ኛው ነው፤ ሦስተኛው አይደለም። ያኔም ወደ ጎረቤት አልደወለችም። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ጠጡት፤ ከዚያ ነው ሕሙማን ዘንድ የሄዱት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይሄ ነው።

አሁን በክኒንና በመርፌ መልክ በጤና ጣቢያ የምናገኘው የዚያች ቅጠል ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬም ቅጠሏን እንደ ሻይ አፍልቶ ወባን ማከም አይመክርም። መድኃኒቱ በሲኒው ውስጥ ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው። አንሶ ከተወሰደ ደግሞ ተህዋሲው መድኃኒቱን ይለማመዳል።

ምግብ ሲታሸግ

ከክሊኒካችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የሽፈራው ዱቄት በካፕሱል ይሸጣል። ከጥቁር አዝሙድ ዘይት ጎን ተደርድሯል። ሻጩን “ለምንድነው?” ብዬ ጠየቅኩት። “ለሁሉም” አለኝ። ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለደም ማነስ፣ ለወባም። ብረት አለው፣ ፎሌት አለው።

ፈገግ አልኩ። ብረትና ፎሌት ያለውን ታሪክ እሱ አያውቅም። ዛንዚባር ውስጥ ፔምባ በምትባል ደሴት፣ ወባ ባለበት ቦታ፣ ለትንንሽ ሕፃናት ብረትና ፎሊክ አሲድ ተሰጥቶ ነበር። ደም ማነስን ለመከላከል፣ በቅን ልብ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤት ግን ብረቱን የወሰዱት ልጆች ሆስፒታል የመግባትና የመሞት ዕድላቸው እንደጨመረ አሳየ። ጥናቱን ብረት ለሚወስዱት ቀድሞ ማቆም ግድ ሆነ። ተህዋሲዋም ብረት ትፈልጋለች፤ ፎሌትም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ወባ ባለበት አገር የብረት ክኒን ከወባ መከላከያና ሕክምና ጋር አብሮ እንዲሄድ ይመከራል። ሰሃን ላይ ያለ ጎመን ይህን አያመጣም፤ በክኒን ታጭቆ ሲሰጥ ግን ምግብ መሆኑ ይቀራል።

ተቃራኒውም አለ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ቫይታሚን ኤ የተሰጣቸው ሕፃናት በፋልሲፓረም ትኩሳት የመያዛቸው ነገር በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ይሄ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ነው። ሁለቱም ማሟያ ናቸው። አንዱ ጠቀመ፣ አንዱ ጎዳ። በአይጥና በግምት ማን እንደሚጠቅም መናገር አይቻልም ነበር፤ የታወቀው ሕፃናቱ ተመዝግበው፣ ግማሾቹ ወስደው ግማሾቹ ሳይወስዱ ተከታትለው ነው። ሻጩን ይህን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደንበኛ መጣ። (ዱቄቱን ገዝታ ሄደች፤ ለግፊት ነው አለች።)

ገና

ለገና በዓል አክስቴ ጋ ወረድኩ። ልጁ ግቢው ውስጥ የሃሌኮው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ውረድ ብትለው ጭራሽ ወደ ላይ ወጣ። እናቱ ሰላም ስትለኝ ዓይኗን ማየት ከበደኝ። እሷ ምንም የያዘችብኝ አይመስልም። ለምን አንድ ኪሎ ቡና እንዳመጣሁላት ግን ገርሟታል።

ማታ ሁለታችን ስንቀር ለአክስቴ ነገርኳት። ስለ ስላይዱ፣ ስለ ክሎሮኪኑ፣ ስለ ውሃው። 100፣ 1,000፣ 500 እያልኩ በባቄላ ፍሬ ምንጣፉ ላይ ቆጠርኩላት። በደንብ ገባት። ከእኔ የበለጠ ነገረኛ ጥያቄ ጠየቀች።

“ሃሌኮ የበሉት አይጦችስ? በመጨረሻ ምን ሆኑ?”

“ሞቱ።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም። ከሌሎቹ ጥቂት ቀን ቆይተው።”

ባቄላውን ለቅማ ወደ ሰሃኑ መለሰች። “ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?”

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ጠፋኝ። “የሚነገር አልመሰለኝም” አልኳት።

አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ። ከዚያ መቀነቷን ፈታ ስልኳን አወጣችና ጎረቤቷ ጋ ደወለች። “አልተኛሽም? ስሚኝማ” አለች። “የዚያን ጊዜዎቹ አይጦች እኮ ሞተዋል።”